ጭነት ነጂ የሌለበት ጦርነት

አባቴን ከነበቅሎው ወስደው ጭነት አስነዱት፤ የት እንዳደረሱት ግን የነገረን የለም። ይህ በደል ነው። በደል መሆኑ እኔ ሳልሞት ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለዕረፍት ስትመጣ የድሮ ዘመን ጦርነት ትጫወትበታለች። ባለፈው ሰሞን ገብስ ሳበጥር ከዚያ ዕቃ ውስጥ ድንጋይ የሚረግጥ የብዙ ሰኮና ድምፅ ሰማሁ። ሰፌዱን አስቀመጥኩ። ተነሥቼ ባይ አንድ ሠራዊት ጉናን የሚያህል ተራራ በጣቷ ንክኪ ሲሻገር አየሁ።

"ምን በልተው ነው የተሻገሩት?" አልኳት።

"እምዬ፣ እነዚህ አይበሉም።"

"ጥይታቸውንስ ማን ተሸከመላቸው?"

"ማንም። ስንቅ የሚያልቅበት፣ በቅሎ የሚደክምበት ዓይነትም አለ፤ እውነተኛውን የሚመስል። ግን አንድ ውጊያ ለማየት ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው፣ ያሰለቻል። ይኼኛው ፈጣን ነው።"

"ያልተሸከመው ሰው ነዋ የሚፈጥነው!"

ሳቀችብኝ። "እምዬ ደግሞ! ከጨዋታም ጋር ይሟገታሉ?"

እሟገታለሁ። እኔ የማውቀው ጦርነት ቀርፋፋ ነበር፤ የሚያስፈራውም ቀርፋፋነቱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከደብረ ታቦር በላይ፣ ጉና ሥር ነበር። ጦር መጣ ተባለ፤ ተብሎም ሳይመጣ ሰነበተ። ከብቱ ወደ ገደሉ ተነዳ፣ የዘሩ ገብስ ተቀበረ። ጭስ እንዳይታይ እሳት አጥፍተን በሶ በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጥን እንጠጣ ነበር። አባቴ በየማለዳው ጉብታው ላይ ወጥቶ ያይና "ዛሬም የሉም" እያለ ይመለሳል። እሱን ስሰማ ይብሱን እፈራ ነበር፤ የሌሉ ሰዎች በየትም በኩል ይመጣሉና። በቅሎዋን ብቻ ከቤት አስቀራት። እናቴ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር፣ እንሽሽ ቢባል የምትሄደው በእሷ ነበር።

የመጡ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥል ነበር። በሩን ዘግተን ባዶ ቤት ለመምሰል ዝም አልን። አባቴ በቅሎዋ ድምፅ እንዳታሰማ አፍንጫዋን በመዳፉ ይዟል። የላቧ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። በግድግዳው ስንጥቅ በምትገባው ቀጭን ብርሃን የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ማርያም፣ ማርያም ትላለች። የሰኮናው ድምፅ መጣ፣ አለፈ፣ ደግሞ መጣ፣ አላልቅ አለ። ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው ደጃችን ላይ ቆመና ሳለ።

"ቤቶች! ዝናብ የመታን የእግዜር እንግዶች ነን!"

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ጥሪ የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው።

"ቤት ለእንግዳ!" አለ።

ካፉ ካመለጠው በኋላ ዞሮ እናቴን አያት። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ ሳንቀላፋ አየዋለሁ።

ገቡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። እሳት አስነድደው ልብሳቸውን አደረቁ። ዝናቡ ሲያባራ በቅሎዋን ሣጥን በሣጥን አድርገው ጫኗትና አባቴን "ንዳ" አሉት።

እናቴ ሆዷን ይዛ ተነሣች። "ጌቶቼ፣ ቀኔ ደርሷል። በቅሎዋን ውሰዱ፤ እሱን ተዉልኝ።"

"ከተማ ድረስ ነው እህቴ፤ ነገ ይመለሳል" አላት አንዱ፣ በአክብሮት።

ነገ መጣ፤ አባቴ አልመጣም። ወንድሜ ተወለደ፣ ክርስትና ተነሣ። ደጅ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እናቴ ሕፃኑን ከጡቷ ነጥላ ታዳምጥ ነበር። መንደሩ "ዝም ማለት ይሻላል" አለ። እኔ ዝም ማለት አላውቅበትም፤ ገበያተኛ ተከትዬ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ጦሩ የሰፈረበት ግቢ በጭቃና በፋንድያ ይሸታል። ጭነት የሚያወርዱ ባላገሮች ሞልተውበታል፤ ሁሉም የረጠበ ጋቢ ለብሰው ጎንበስ ብለዋል። የእያንዳንዱን ፊት እያየሁ አዛዡ ዘንድ ደረስኩ።

"ነገ ይመለሳል ብላችሁ ነበር" አልኩት።

"ማን?"

"አባቴ። በቅሎ ነጂው።"

አልተቆጣም፤ የደከመው ሰው ነበር። ቀና ብሎ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየና ወደ እኔ ዝቅ አለ።

"ልጄ፣ የትኛው?" አለኝ።