የኋላው ኮፈን እና የደሴ መንገድ

ኤርትራ ነጻ በወጣችበት ዓመት አባቴ አንድ ቦታ መቀመጥ ተሳነው። ወሎዬ ነው፤ በጎረምሳነቱ አስመራ መጥቶ እናቴን አገባና ገበያው አጠገብ ልብስ ሲሰፋ ሸበተ። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ግን ጥራቮሎ ሰፈር ውስጥ አማርኛ የሚያወሩት ጎረቤቶቻችን፣ የደርግ ወታደር ቤተሰቦች ነበሩና፣ ዕቃቸውን በካሚዮን ጭነው ሄዱ። እሱን ሂድም ያለው የለም፣ ቆይም ያለው የለም። እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የከረመችውን አሮጌ የጣልያን ማኪናውን ገለጣት። ከተማው በተከበበ ጊዜ፣ ቤንዚን እስኪጠፋ ድረስ፣ ውሃ በጀሪካን ያመላለስነው በእሷ ነበር። የፈሰሰው ውሃ የኋላውን ኮፈን፣ የዕቃ መጫኛዋን፣ ወለል በልቶት መሬቱ ይታያል። ሽቦዎቿማ አንዱ ሲቃጠል ሌላ እየተቀጠለ የተምታቱ ናቸው፤ ፍሬቻ ሲያበሩ ጡሩምባው ይጮኻል።

ፎርቶ የሚኖር ወዳጁን ጠራ። የማኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሻሂ የሚጠጡት አብረው ነው። እኔ ያኔ ነርስ ነበርኩ፤ ከሥራ ስመለስ ሁለቱን መሪው ፊት ባለው ክሩስኮቶ ሥር ተጋድመው አገኛቸዋለሁ። አባቴ ሽቦዎቹ እንዳይቀላቀሉ የጨርቅ ቁራጭ ያስርባቸዋል፦ ለፊት መብራት ቀይ፣ ለፍሬን መብራት ሰማያዊ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይፈታል።

«ሐቁን ንገረኝ» አለው ወዳጁ አንድ ቀን። «ገበያ ደርሳ ለምትመለስ ማኪና ይህ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርጋል?»

«ለደሴ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ለመጠየቅ ነው ለመቅረት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ሰውየው ፒንሳውን አስቀመጠ። «ኣይኮነን ወዳጄ፣ አይሆንም» አለ።

እናቴ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ቋንቋዋ ትግርኛ ነው፤ ስትናደድበት ግን በአማርኛ ነው የምትናገረው። «ኮፈኑን የምትጠግነው ለማን ዕቃ ነው? የእኔን ልብስ እንዳትጭንበት!»

«ትቼሽ እሄዳለሁ መቼ አልኩ?»

«መሄድህንስ መቼ ነገርከኝ?»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ በር የሚዘጋው በኃይል ሆነ። አባቴ ዝገቱን ይፍቃል፤ ላሜራ ቆርጦ አስበየደ፣ ዝገት የሚከላከል አንቲሩጅ ቀባ፣ ወለሉን በካፖርት ገበር አለበሰው። ሥራው እያማረ በሄደ ቁጥር መሄዱ የማይቀር መሰለኝ።

ሽቦው ሁሉ ተጠርንፎ ካለቀ በኋላ እናቴ ራሷ አጠገቡ መጣች። «ሂድና ደሴ ያለችውን እናትህን እያት። ልብህ ሁለት ቦታ ሆኖ ከእኔ ጋር አትቀመጥ። ስትወስን ግን ሰው እንዳትልክብኝ፤ ራስህ መጥተህ ንገረኝ።»

በማለዳ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። የማኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እናቴ እጇን እየጠረገች ትወጣለች፤ የሌላ ሰው ሲሆን እኔን ትቆጣለች። ወዳጁም በየቀኑ እየመጣ ሻሂውን ሳይጨርስ ይነሳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማኪናዋ አቧራ ለብሳ ገባች። አባቴ ከስቷል። ከኋላ ያወጣው እናቱ የሰጠችውን አንድ የሱፍ ባና ብቻ ነበር።

«እዚያ ደሴ ‹የአስመራው› ነው የሚሉኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሕፃናቱ በአነጋገሬ ይስቃሉ።»

«ታዲያ?» አለች እናቴ።

«ታዲያማ መጣሁ። እዚሁ ነኝ።»

እናቴ ባናውን ተቀብላው ፊቷን ቀበረችበት።

በማግስቱ የስፌት ሱቁን ከፈተ፤ ወዳጁም ቀድሞት ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። አባቴ ግን እንደ ድሮው አልረጋም። ከዓመታት በኋላም፣ ምንም ያልሆነችውን ማኪና ከፍቶ ሽቦ ይነካካል። እናቴ በመስኮት አይታው፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ጎደላት?» ትለዋለች።

«ምንም» ይላል፤ እጁን ግን ከሽቦው ውስጥ አያወጣም።