ምራቂ የሌለው ጣሳ

እንጨት በጣሳ አፍ ላይ ሲፋቅ የሚያወጣው ድምፅ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከእጄ ይወጣል፣ በሰማሁት ቁጥርም ታላቅ ወንድሜ ደረጀ በግቢያችን በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ይታየኛል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እናታችን እህል በረንዳ ምስርና አተር በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር፣ ጣሳውን ቆልላ ሞልታ እንኳ ከላዩ አንድ እፍኝ ምራቂ ሳትጨምር ደንበኛ አታሰናብትም ነበር። ያለ ምራቂ መስፈር በእኛ ቤት ነውር ነው።

ጎራው የሚባለውን ቡችላ ደረጀ ያመጣው በበጋ ነው። የጎራው እናት ጥጃ የምታህል የመጋዘን ጠባቂ ውሻ ነበረች፣ እሱም ገና ቡችላ ሳለ መዳፉ ከገላው ቀድሞ አድጎ ነበር። ደረጀ የእንስሳት ሐኪም ጠይቆ፣ በእማዬ አሮጌ ጣሳ እየለካ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያበላው ነበር። እሱ ዞር ሲል ግን እማዬ ምራቂዋን ትጨምራለች፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አጥንት ይወረውራሉ፣ የእህል በረንዳ ተሸካሚዎች የምሳቸውን ትራፊ ያመጣሉ። ጎራው በላ። ወፈረ። ግቢው ሁሉ ደስ አለው።

ክረምቱ ሲገባ የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተንጋደዱ፣ ጭቃው ላይ መነሳት እያቃተው ይንፏቀቅ ጀመር።

«ርቦት ነው፣ አጥንት ጨምሩለት» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እትዬ፣ ከብዶት ነው። ሥጋው አጥንቱን ቀደመው» አለ ደረጀ።

«አንተ ደግሞ! ለውሻም ጾም ልታውጅ ነው?»

እማዬ ቆረጠች። «እስከ መስከረም በእግሩ ካልሄደ ከዚህ ግቢ ይወጣል።»

«እሺ። እስከዚያ ግን ማንም አይጨምርለትም። አንቺም ጭምር፣ እማዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጀ በጣሳው አፍ ላይ እንጨት እየጎተተ ቁልሉን ይገፍፍ ነበር። እጄን ይዞ የጎራውን ጎን ያስዳብሰኝ ነበር፤ «አጥንቱ ከእጅህ ሥር ከተሰማህ ልክ ነው፣ ከጠፋብህ ቀንስ፣ አግጥጦ ከታየህ ጨምር።» ተሸካሚዎቹ «ደሬ፣ አንተ ነጋዴ ብትሆን መርካቶ በረሃብ ታልቅ ነበር!» ይሉታል። እሱ ይስቃል፣ ጣሳውን ይፍቃል።

ዝናቡ ሳያባራ ጎራው ተነሳ። በመስከረም ከእህል ጋሪዎች ጎን እስከ ጎጃም በረንዳ ይሄድ ነበር፣ እግሮቹም ቀስ በቀስ ቀኑ። እማዬ ጣሳውን አጥባ ለደረጀ ሰጠችው፣ ዳግመኛም እህል አልሰፈረችበትም።

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው በጋ፣ ደረጀ ሞተ። ታሞ ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ለቅሶ የመጣው ሰው ጎራው ድንኳኑ ጥግ ተኝቶ ሲያየው አዘነለትና ሳህኑን ቆልሎ አቀረበለት። «ዛሬስ ተወው ልጄ፣ ጌታው ሞቶበት» አሉኝ እትዬ ዘነበች። በሰው ሁሉ ፊት ሳህኑን አንስቼ ትርፉን ገፈፍኩት። አንዱ «ልጁ ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶበታል» አለ። ይበል።

አሁን ጎራው አፉ ሸብቷል፣ «ይህ ሽማግሌ ምን ያደርግልሃል፣ አውጥተህ ጣለው» የሚሉኝ አሉ። አልጥለውም። ያኔ ደረጀ ግቢውን ሁሉ እምቢ ሲል እኔ ከኋላው ነበርኩ፣ ዛሬ ከፊቴ ማንም የለም። ጣሳው ግን ያው ነው። እሰፍራለሁ፣ እፍቃለሁ፣ ጎኑን እዳብሳለሁ። አጥንቱ ይሰማኛል። ከዚያ ጎራው ቀጥ ባሉ እግሮቹ ተነስቶ፣ ደረጀ ይቀመጥበት ወደነበረው በር ይሄዳል።