በሌባው ድምፅ የሚጀምር አልበም

ሀጀራ አሕመድኑር ቂመኛ ናት። እያማኋት አይደለም፤ ፊት ለፊት ብላትም "ታዲያስ" ነው የምትለኝ። እኔ አልታዬ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። በቂሟም ውስጥ እጄ አለበት፤ አልጸጸትም።

ሪያድ ስትሄድ ልጇ ፈርሂያ ጡት ከጣለች ገና ወሯ ነበር። አምስት ዓመት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖረች። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እስኪያቆም ትጠብቅና በሩን ዘግታ፣ ራሷ ያወጣችውን የልጅ ዘፈን በስልክ ቀድታ ለእናቷ ለእሜት ፋጢማ ትልካለች። አንዱ ስለ ፊት መታጠብ ነው፤ አንዱ ግራና ቀኝ ጫማዋን ስለምታቀያይር ልጅ። በየዘፈኑ ውስጥ የፈርሂያ ስም አለ። አሥራ አንድ ነበሩ፤ ልጅቱ የእናቷን ድምፅ እንዳትረሳ የተላኩ። ከዚያ አሠሪዋ ስልኩን ነጠቀቻት፣ ዘፈኑም ቆመ።

የእሜት ፋጢማ ስልክ ሞላሁ እያለ ሲያስቸግራቸው፣ እዚህ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ ሚሞሪ የሚጭነው ቢሻው ሱቅ ወሰዱት። ኢንተርኔቱ ደካማ ነውና መንዙማውንም መዝሙሩንም ድራማውንም ከሱ ኮምፒውተር ነው የምናስገለብጠው። ስልካችንን ትተንለት ገበያ ውለን እንመለሳለን፤ ምን አየህበት ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቢሻው አሥራ አንዱን ዘፈን ለራሱ ገለበጠና ከስልኩ አጠፋ። "ቆሻሻ ሞልቶት ነው፣ ጠርጌልዎታለሁ" አላቸው። መርቀውት ወጡ።

ዓመት ሳይሞላ ዘፈኖቹ "ግጥምና ዜማ ቢሻው" ተብለው፣ በአንዲት የደሴ ዘፋኝ ድምፅ ዩቲዩብ ላይ ወጡ። ለልጆችና ለቤተሰብ የተሠራ አልበም ነው ተባለና ከተማው ኮራ። እኔም በክፍሌ አስተማርኩት፤ ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ፈርሂያማ ዘፋኟ ስሜን ታውቀዋለች እያለች ክፍሉን አላስቀምጥ አለችው።

ሀጀራ የተመለሰች ሰሞን ልጇን ጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን እየሠራች የጫማውን ዘፈን ጀመረችላት። ፈርሂያ ቀና ብላ አየቻት።

"አንችም ታውቂዋለሽ?"

"የኔ ነው። ላንች ያወጣሁት ነው።"

"ውሸት። የዘፋኟ ነው።"

ሀጀራ ሹሩባውን ጨርሳ እኔ ቤት መጣች። አላለቀሰችም። "ልጄ እንድታምነኝ እፈልጋለሁ፤ ቢሻውን ደግሞ መግቢያ ቀዳዳ አሳጣዋለሁ" አለችኝ። መጀመሪያ ከሰስነው። የላከችበት ስልክ የለም፤ በዘፈኖቹ ውስጥ ስላለው ስም ሲጠየቅ "በአገሩ ስንት ፈርሂያ አለ" አለ፤ የእሜት ፋጢማን ምስክርነትም ቢሻው "አሮጊት ስለ ስልክ ምን ታውቃለች?" ብሎ አጣጣለው። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ስለዚህ የራሳችንን አልበም ሠራን። መንዙማም መዝሙርም የሚቀርጸው አወቀ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍሌን መስኮት በብርድ ልብስ እየሸፈነ ቀረጸን። ዘፋኞቹ ሀጀራና ተማሪዎቼ ናቸው። ከዘፈኖቹ አንዱ ስለ አይጥ ነው። አይጧ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ አላት፤ ስልክ ስትቀበል "ልጥረግልሽ፣ ልጥረግልሽ" ትላለች። ስም አልጠራንም። ግጥሙን ሁለታችን ስንጽፍ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

በፍላሽ እየገለበጥን ለደሴ መኪና ሾፌሮች አደልን። በሳምንቱ አቀስታ ተሰማ፣ በወሩ ወረኢሉ። ተማሪዎቼ ደግሞ ሲለቀቁ በቢሻው ሱቅ በኩል መዞር ጀመሩ። በሩ ላይ ቆመው "ልጥረግልሽ" ይሉታል። ማስቆም እችል ነበር፤ አላስቆምኩም። እሱ ግን አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ከረመ። የሰበረው የእሜት ፋጢማ ነገር ነው። አንድ የገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ሱቁ ደጃፍ ቆመው "ያን ቀን የመረቅሁህን ምርቃት አንስቸብሃለሁ" አሉት። እኛ አገር ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

ሼህ አህመዲን ሁለት ሰው አስከትለው መጡ።

"ሀጀራ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ ብሏል። ለአላህ ብለሽ አፉ በይው።"

"አፉ እላለሁ፣ ሼህ አባ። ጥፋቱን ግን በራሱ አንደበት ይናገር። አወቀ ይቀርጸውና የአልበሙ መጀመሪያ ላይ ይገባል።"

ቢሻው እየከበደው መጣ። ከሕፃናቱ ወንበር አንዱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሆን ብዬ ነው። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። "እኔ ቢሻው፣ አሥራ አንዱን ዘፈን ከእሜት ፋጢማ ስልክ ላይ ሰርቄያለሁ። ሀጀራ ለልጇ ለፈርሂያ ያወጣቻቸው ናቸው" አለ። ሦስት ጊዜ አስደገምነው። የመጀመሪያውም ይበቃ ነበር።

አንጀቴ የራሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በከተማው ውስጥ እንደ ቢሻው የሚጭን የለምና ሰው አዲሱን አልበም ለማስጫን የሚሄደው እሱው ዘንድ ነው። ሌብነቱን በገዛ እጁ በየስልኩ ሲገለብጥ ይውላል። ልጆቹም ንግግሩን እንደ ዘፈኑ በቃላቸው ያዙት።

ፈርሂያ ያንን ድምፅ የሰማች ቀን እነሱ ቤት ነበርኩ። ስልኩን እንደያዘች ወደ እናቷ ሮጠች።

"እማ፣ እውነትም ያንች ናቸው ለካ።"

"ነግሬሽ አልነበር?"

"አንችማ ነግረሽኝ ነበር። አሁን ግን ሰውየው ራሱ አለ።"

አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ሀጀራም አቀፈቻት፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታየኝ የታረቀ ሰው ዓይን አላየሁባትም።

ከሁለት ወር በኋላ ሼህ አህመዲን ተመልሰው መጡ። ልጆቹ መንገድ ላይ ንግግሩን እየደገሙበት ቢሻው መውጫ መግቢያ አጥቷል። "ታርቃችሁ የለም? እንግዲህ ድምፁን ከአልበሙ አውጭለት፣ ልጄ" አሏት።

"ዘፈኔን ለሰረቀው አፉ ብየዋለሁ፣ ሼህ አባ" አለች ሀጀራ። "ልጄ ግን እኔ ስነግራት አላመነችም፤ ያመነችው ሌባው ሲነግራት ነው። ለዚህኛው ሽማግሌ አልላከም፤ ቢልክም በሬን አልከፍትም።"