ከሊሾው ሥር የመጣ ውሃ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደረቅ የሸክላ ጡብ ይዤ ወደ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። ጡቡን ጥቂት ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሜ የቤት ሥራ ማረም ጀመርኩ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ውሃው ከሥር ወደ ላይ ተስቦ ጡቡ እስከ ወገቡ ጠቁሮ ነበር። ገና ምንም ሳልናገር ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቲቸር፣ ሙባረክ ነው ያፈሰሰበት! ኮዳ ይዞ አይቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሙባረክ ኮዳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም በእነሱ ዕድሜ አካባቢ ልክ እንደዚያ ልጅ እርግጠኛ ሆኜ አውቃለሁ።

ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ከበላያችን፣ በአንድ አጥር ብቻ ተለይተው፣ ጋሽ ከድርና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ይኖራሉ። ጋሽ ከድር ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለልጆቻቸው የለቀቁ ሰው ናቸው። አባዬ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። እኛ ጴንጤ፣ እነሱ ሙስሊም፤ እማዬና እትዬ ዘይነባ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሳህን ሲቀባበሉ ነው የኖሩት። ከእነሱ የቡላ ገንፎ ይመጣል፤ ሳህን ባዶውን አይመለስምና ከእኛ የተቀቀለ በቆሎ ወይም ድፎ ዳቦ ይሄዳል።

ረቡዕ ረቡዕ የሰፈሩ ምእመናን ለጸሎት እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። በዚያ ሐምሌ አንድ ረቡዕ፣ ሁሉም ሲንበረከክ፣ ከፕላስቲክ ምንጣፉ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ፊጭ ብሎ ወጣ። እናቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሡ። ምንጣፉን ስንገልጠው ሊሾው ጠቁሯል፤ የሻጋታው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሊሾ በኮንክሪቱ ላይ የሚለሰን ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ነው፤ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውሃ ይጠጣል። አባዬ ጣሪያውን ፈተሸ፤ አያፈስም። ቧንቧውን ከቆጣሪው ላይ ዘጋ፤ ወለሉ ያው ነው። እማዬ ከጣራው በላይ ሳይሆን ከእግሯ በታች እያየች፣ «እንዲህ ከሆነማ ጸሎቱን ወደ ሌላ ቤት ይወስዱታል» ብላ ተከዘች።

ያኔ ነው እኔ ደብተር ያወጣሁት። በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወለሉ መርጠብ አለመርጠቡን መዘገብኩ። በአምስተኛው ቀን መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ወለሉ በቀን አምስት ጊዜ ረጥቧል፤ አምስቱም አዛን ሲሰማ ነው። ጋሽ ከድር ደግሞ ከሶላት በፊት፣ አጥሩ ሥር ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በማንቆርቆሪያ ውዱእ ያደርጋሉ፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ይታጠባሉ።

ለአባዬ ብቻ ብነግረው ደግ ነበር። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ እሳቸው በር ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ቤታችን የሚገባው እርስዎ የሚታጠቡበት ውሃ ነው። ይኸው፣ ሰዓቱን ሁሉ ጽፌዋለሁ።»

መነጽራቸውን አድርገው ገጹን እስከ ታች አነበቡት። እትዬ ዘይነባ ከጓዳ፣ «አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ነው ቤት የሚያሰጥመው? ወይ ጉድ!» አሉ። ጋሽ ከድር ደብተሬን መልሰው፣ «ጽሕፈትህ ያምራል» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ምንም አልመጣም። የእነሱ ሳህን እኛ መደርደሪያ ላይ ቀረ። እማዬ ታጥበዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ምን አድርጌበት ልመልሰው? ደግሞስ በምን ዓይኔ?» ትለኝ ነበር።

ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ያካፋል። ጋሽ ከድር በአንድ እጃቸው ዣንጥላ ይዘው፣ በሌላው አጥሩን እየተደገፉ፣ ከታች ጭቃውን ሽቅብ ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዝናብ ከየት ነው?»

«ከመስጊድ ነዋ። ሰሞኑን የምታጠበው እዚያ ነው።» ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እንዴት ነው፣ ደረቀላችሁ?»

በድምፃቸው ውስጥ ሽሙጥ ፈለግኩ፤ የለም። እውነት ለማወቅ ነበር የጠየቁኝ። «አልደረቀም» የሚል አንድ ቃል እንዲያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዳቦውን ትቼ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። የእጅ ሰዓትም ስልክም ስላልነበረኝ፣ ወለሉን ለማየት የምነሣው አዛን ስሰማ ነበር። በሌላ ጊዜ ያየሁበት አንድም መስመር የለም። ረፋድ ላይ ጠርጌ ጠበቅኩ፤ ረጠበ። እንደገና ጠረግኩ፤ ረጠበ። ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይረጥብ ነበር፤ በቀን አምስት ጊዜ ብቻ የማየው እኔ ነበርኩ።

አባዬ ስነግረው አልጮኸም። ጃኬቱን ደርቦ «ና» አለኝ። እማዬ ሳህኑን ድፎ ዳቦ ሞልታበት ተከተለችን። እዚያ በር ላይ አባዬ «ጋሽ ከድር፣ አጥፍተናል» ሊል ሲጀምር፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

«ውሃው የእኔ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ጋሽ ከድር። «ግን ቢሆንስ? ሰው የሚንበረከክበትን አርጥቤ የእኔ ሶላት ምን ይሆነኛል?» ከዚያ ወደ አባዬ ዞሩ። «ይሄ ሰፈር ቤት ሳይሠራበት ጨፌ ነበር። ክረምት ላይ ከብት ይሰምጥበታል። ውሃው ከመሬቱ ነው የሚመጣው፤ ቤቱ ጋ ሳይደርስ መንገድ እንስጠው።»

እትዬ ዘይነባ ሳህኑን ተቀብለው፣ «ይሄ ደብተረኛ ግን አካፋ መያዝ ይችላል?» አሉ። እማዬ ሳቀች፤ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

በላይኛው ግድግዳ በኩል፣ ከወለሉ ዝቅ እስኪል ድረስ ቦይ ቆፈርን። ጋሽ ከድር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ያዝዙናል። የተበሳሳ ቱቦ አጋድመን ኮረት ሞላንበት። በማግስቱ ከቱቦው ጫፍ ኩልል ያለ ውሃ መውረድ ጀመረ። ሊሾው በመስከረም ነጣ፤ የረቡዑ ጸሎትም እኛው ቤት ቀረ። አንድ ጥግ ብቻ እስከ ዛሬ ነሐሴ ሲመጣ ይጠቁራል፤ እማዬ ምንጣፍ አታለብሰውም።

ያን ተማሪዬን «ሲያፈስ አየኸው፣ ወይስ ኮዳ ይዞ አየኸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኮዳ ይዞ» አለ። በማግስቱ ሌላ ደረቅ ጡብ አመጣሁ፤ ሳፋው ውስጥ ያቆመው ሙባረክ ነው፤ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እያየን ጠበቅን።

ቅዳሜ ወላጆቼን ልጠይቅ ወጣሁ። ጋሽ ከድር አርጅተዋል፤ ማንቆርቆሪያውን ማንሣት ይከብዳቸዋል። ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡና እኔ አፈሰስኩላቸው። ውሃው ከጣቶቻቸው ወርዶ ወደ ቦያችን ሄደ።

«ሰዓቱን አትጽፍም እንዴ፣ ቲቸር?» አሉኝ።

«እጄ ተይዟል፣ ጋሼ።»