«ማን ልኮሽ ነው?»

ይህን የምጽፈው በአያቴ ቀብር ዕለት አንድ ዘመዳችን «ሰው የማያምኑ ሴት ነበሩ» ሲል ሰምቼ፣ አባባሉ እውነት ቢሆንም ጎዶሎ ስለሆነብኝ ነው።

አያቴ በወጣትነታቸው ከኢራን አዲስ አበባ ገብተው ወንድ አያቴን ያገቡ፣ በኢራን የሚሳደደው የባሃኢ ሃይማኖት አማኝ ነበሩ። ስለ ራሳቸው የሚጠይቃቸውን ሁሉ አስቀድመው «ማን ልኮህ ነው?» ይሉት ነበር።

ባለፈው ዓመት እዚህ አሜሪካ ሆስፒታል ሲተኙ፣ አንዲት የአገራችን ልጅ የሆነች ነርስ «እማማ፣ ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ኧረ ማንም! ኮምፒውተሩ ነው የሚጠይቀኝ» ብላ ሳቀች።

«እሱንስ ማን ላከው?»

እኔም ተጨንቄ «ይለፉት፣ ግዴታ የለብዎትም» አልኳቸው። እሳቸው ግን በኮሪደሩ ቆሞ የነበረ አንድ ሰው እስኪሄድ በሩን ሲያዩ ቆዩ።

«ወንድሜን ኢራን ውስጥ ይህንኑ ጠየቁት። ባሃኢ አይደለሁም ቢላቸው ይለቁት ነበር። አላለም፤ ገደሉት።» ከዚያም ወደ ነርሷ ዞረው «ባሃኢ ነኝ፤ ጻፊው። ያንቺንም ስም ንገሪኝ» አሏት።

አሁን ኖርክሮስ ከተማ ያለው ቤታችን ደወሉ ሲጮኽ፣ የመጣው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ በሩ ይከፈታል። የወንድማቸውን መልክ የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያጣነው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ከተቆጠረ ሁለት።