ላማችን የጨነገፈች ጊዜ

ከሸጎሌ ከብት ገበያ ገዝተን ጉለሌ ግቢያችን ያሰርናት ላም በሰባት ወሯ ጨነገፈች። እናቴ ስትጮህ ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታችን ነበረች። እጅጌዋን ሰብስባ የሞተውን ጥጃ በባዶ እጇ ጎትታ አወጣችው።

ምስጋናችንን ልንገራችሁ! ሴትየዋ በዚያው ሳምንት «ይቺ ላም እንዴት አምሮባታል» ብላ ነበርና እናቴ «በዓይኗ በላችብኝ» አለች። ሰፈሩም አመነ።

የእንስሳት ሐኪሙ ግን የላሟን ደም አስመርምሮ መጣና ያስጨነገፋት ባክቴሪያ እንደሆነ፣ ከገበያም ይዛው ሳትመጣ እንደማትቀር ነገረን። «ጥጃውን በእጁ የነካ አለ? ሰውም ላይ ይጋባል፤ ቶሎ ይመርመር» አለ።

እናቴ ገልመጥ አደረገችኝና «ማንም አልነካውም» አለች። እውነቱን መናገር ይቅርታ መጠየቅ ነዋ! እኔም፣ ያን ያህል ትልቅ ሰው፣ ዝም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ጣላት። እናቴ «እግዜር የሥራዋን ሰጣት» አለች። አሁንም ዝም አልኩ።

ላሟን ምንም ሳንናገር መልሰን ሸጎሌ ሸጥናት። ጎረቤታችን ግን ይኸው ዛሬም ከዘራዋን ተደግፋ በበራችን ስታልፍ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች፤ ዓይኗ ግቢያችን ላይ እንዳያርፍ።