ከመርፌው በኋላ

ደብረ ብርሃን ክሊኒክ ውስጥ አልኮሉ ሲሸተኝ አንኮበር ትዝ አለኝ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የሳንባ ምች ይዞኝ እናቴ ሽማግሌው ድሬሰር ዘንድ አዝላ ወሰደችኝ። መርፌውን ቀቅለው ፔኒሲሊን ወጉኝና ደጃፉ ላይ አስቀመጡን። የገበያ ቀን ስለነበር እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ልጄ፣ ፊቷን ግለጪው» አሏት። «መድኃኒቱ ካልተስማማት ፊቷ ያብጣል፤ ትንፋሽም ያጥራታል። ማየት አለብኝ።»

«ገበያተኛው ሁሉ እያየ? ቡዳ ቢበላትስ?»

ግን ገለጠችኝ። ከዚያ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ በእኔና በመንገደኛው መሀል ቆመች፤ ድሬሰሩ ብቻ እንዲያዩኝ።

ዛሬ ነርሷ ወግታኝ «እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ልይዎት» አለችኝ። ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ያየኛል፤ የሚጋርደኝ ግን የለም።